ቢጫውን የጠየቀ ሰው

መንጌ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ይህች ወረቀት አባይን በደኅና ተሻግራ፣ የወምበራን ዳገት ወጥታ፣ ከአባቴ እኅት ከእትዬ አረጋሽ እጅ ትግባ።

እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና አለሁ። አለሁ የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ መስከረም ላይ እዚሁ ልቀር ነበር። ንዳድ ይዞኝ ሃያ ቀን ሙሉ ተኛሁ። ስነሣ ሱሪዬ ከወገቤ አልቆም ብሎ በልጥ አሰርሁት።

የምቀመጠው ዐፊፋ በምትባል መበለት ግቢ ነው። ጨውና ሸማ እሸጣለሁ፣ ሰም እገዛለሁ፤ እርሷ ሠላሳ ቀፎ ስላላት ሰሙም ከደጄ አይርቅም። ቀፎዎቹ ከሸመል የተሠሩ ናቸው፣ ዛፍ ላይ ይሰቀላሉ። ንዳዱ ከለቀቀኝ በኋላ እህል አልወርድልኝ አለ። ያን ጊዜ ዐፊፋ ከማሩ እንጀራ ውስጥ ማር የሌለበትን፣ ቢጫ ነገር የታጨቀበትን ቀዳዳ በስንጥር እየጫረች፣ ከማር ለውሳ በየጠዋቱ በጣቷ ጫፍ ታስልሰኝ ጀመር። መጀመሪያ ጎመዘዘኝ፤ ቀጥሎ አበባ አበባ ሸተተኝ፤ በኋላ እንደ ጥሬ ሽምብራ ዱቄት ምላሴ ላይ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን ተነሥቼ ውሃ ቀዳሁ። እንግዲህ ያስነሣኝ ዱቄቱ ነው? ወይስ የዶሮ መረቁ? ወይስ ንዳዱ ራሱ ሰልችቶት ሄደ? አላውቅም፤ አለማወቄም ዕረፍት ነሣኝ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ መሄድ ትቼ ንብ እመለከታለሁ። ከመስክ ሲመለሱ የኋላ እግራቸው ላይ ሁለት ሁለት እንክብል ጠፍጥፈው ነው የሚመጡት፤ ከጤፍ ፍሬ በጥቂት ትበልጣለች። ያ የአበባ ዱቄት ነው። የአንዷ ቢጫ፣ የሌላዋ ነጭ፣ የሌላዋ ደግሞ እንደ በርበሬ ቀይ! ቀዩን ከየትኛው አበባ ይሆን የሚያመጡት? ጎረቤቱ ሁሉ “ይኸ ነጋዴ ንዳዱ ከሆዱ ወጥቶ ከራሱ ገብቷል” እያለ ይስቅብኛል። ይሳቁ።

ይህን እያየሁ ሳለ ትዝ ያለኝ የእርስዎ ቅል ነው። ቆጡ ላይ የሚሰቅሉት፣ እጄን ብሰድ በማማሰያ የመቱኝ ቢጫ ዱቄት! እትዬ፣ እባክዎ ቢጫውን ይላኩልኝ። በየትኛው ወር ነው የሚቆረጠው? በፀሐይ ነው በጥላ የሚደርቀው? ስንት ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል? የወምበራ ንብና የመንጌ ንብስ አንድ ዓይነት ያመጣሉ? ሁሉንም አንድ በአንድ ይጻፉልኝ።

ይህን የሚያደርስልዎ ጁምዓ የሚባል የመንጌ ነጋዴ ነው። ታማኝ ነው፣ መብላት ግን ይወዳል። ለባለቤቴ ለከበደች ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ቀናው

*

ወምበራ፣ ጥር ፭ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

በሰው አገር ላለኸው ለወንድሜ ልጅ ለቀናው፣ የአባትህ አምላክ ካለህበት ይጠብቅህ። ይህ ቃል የእኔ የአክስትህ የአረጋሽ ነው፤ እጁ የደብተራ ዳኜ ነው። እርሱ ከዳዊት እየጠቀሰ ሊያስረዝመው ፈልጎ ነበር፤ እኔ የምልህን ብቻ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ወይ አንተ ልጅ! ሃያ ቀን በሰው ደጅ በንዳድ ስትነድ እኔ እዚህ ወፍጮ ስር ቁጭ ብዬ እዘፍን ነበር ማለት ነው። ዳኜ ያን ሲያነብልኝ አለቀስሁ። ወረድ ብሎ ያለውን ሲያነብልኝ ግን እንባዬ ቀጥ አለ።

ቢጫውን ጠየቅህ። ደግመህ አንብብልኝ አልሁት፤ “ቢጫውን ይላኩልኝ” ይላል። እሺ። በእኛ ቤት ቢጫው ተጠይቆ አይከለከልም፣ የጠየቀውም ለማን ነው አይባልም። አንተም አልጻፍህም፣ እኔም አላወጣጣህም፤ ዳኜ ጆሮው ረጅም ነው። (ይህንንም ጻፈው፣ አንተ!) ብቻ ሁሉ በደኅና ሆኖ እንደሆነ አንድ ቃል ጻፍልኝ።

ትንሽ ቅል ሞልቼ ልኬልሃለሁ። የሚቆረጠው የኑግ አበባ ሲያልፍ፣ በጥቅምት ማለቂያ ነው። ወንፊት ላይ ዘርግተህ በጥላ አድርቀው፤ ፀሐይ ከነካው ሽታው ይሄዳል። ቅሉን በሰም ካልደፈንኸው ይሻግታል፤ ከደፈንኸው እስከ ዓመት ይቆያል። አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ በባዶ ሆድ፣ ከማር ጋር። መጀመሪያ እፍኝ ሙሉ እንዳይሰጥ! አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል፣ ከንፈሩን ያሳብጠዋል። ከአንዲት ፍሬ ይጀመር፤ ቀኑ በደኅና ካለፈ በነጋው ይጨመር። ጉልበት ይመልሳል ይላሉ። የሚመልሰው እርሱ ይሁን፣ አብሮት የሚበላው ቅንጬና ቅቤ ይሁን፣ እኔም ይህን ያህል ዘመን ስሰጥ ኖሬ አላውቀውም። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

ንቧ ለራሷ ብላ አይደለም የምትደክምበት። ለልጆቿ ማሳደጊያ ነው። ይህንንስ ሳታውቀው አትቀርም።

ከበደች ደብዳቤው ሲነበብ ከደጅ ነበረች። ሰላምታህን ነገርኋት። “ሌላስ?” አለችኝ። ሌላው የንብ ነገር ነው አልኋት።

ጁምዓ ምሳውን በልቷል። ጠግቤአለሁ ካለ በኋላም በልቷል።

አክስትህ አረጋሽ

*

መንጌ፣ የካቲት ፳፰ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ቆጥዎ አይጉደል፣ እጅዎ አይንቀጥቀጥ፣ ክፉ አይንካዎ፣ እትዬ!

ቅሉ ደረሰ! ገና ሰሙን ስልጠው የወምበራ መስክ ቤቱ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ዱቄቱ ከእኛ የበለጠ ደማቅ ነው፣ ጣዕሙም ለስላሳ ነው። እንዳዘዙኝ ከአንዲት ፍሬ ጀመርሁ። ዐፊፋም ቀመሰችው፣ በጣም ወደደችው። በአሥራ አምስት ቀን ሁለታችን ጨረስነው። አሁን እባክዎ ትልቁን ቅል ይላኩልኝ፤ ትንሹማ አልበቃም።

አሁን ያገኘሁትን ልንገርዎ። ነጩ የግራዋ ነው። ምን አደረግሁ መሰለዎት፣ አበባውን በጣቴ ጠርጌ ከንቧ እግር ከወደቀው ጋር አስተያየሁት፤ በምላሴም ቀመስሁት፤ ሁለቱም መረሩኝ። ቢጫው የኑግ ነው። ቀዩን ፍለጋ ሁለት ቀን እስከ አሶሳ መንገድ ድረስ ሄጄ ጫማዬን ጨርሼ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ አንዲት ንብ ከቤቷ ወጥታ እስክትመለስ ድረስ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው የምትለቅመው። ከግራዋ ጀምራ እንደሆነ ኑጉን አታየውም። ማን አስተማራት? ነገ ደግሞ ወደዚያው ትመለሳለች ወይስ ትቀይራለች?

በዚህ ላይ አንድ ዘዴ አገኘሁ። እንሽላሊት ቀፎው እየገባ አስቸግሮን የሸመል ስንጥር ደርድሬ እንደ ማበጠሪያ አፉ ላይ ሠራሁ። ንቦቹ ተጨናንቀው ሲገቡ ከእግራቸው ዱቄቱ እየተፋቀ ይወርዳል! ከሥር ቆዳ አነጠፍሁ። በቀን እፍኝ ሙሉ! ቀፎ ሳይከፈት፣ ማር ሳይነካ! እንዲህ ያለ ነገር ወምበራ ውስጥ ያደረገ ሰው አለ? በዚህ የተለቀመውና ከእንጀራው የተጫረውስ ጉልበቱ እኩል ይሆን? የተጫረው ለምን ኮምጠጥ አለ?

ጁምዓ ልሂድ እያለ አስቸኮለኝ። ለባለቤቴ ለከበደች ሰላምታ።

የወንድምዎ ልጅ ቀናው

*

ወምበራ፣ ግንቦት ፫ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ለቀናው። ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለእኔ ሰላም የለኝም።

አንድ ቃል ጻፍልኝ ብዬህ ነበር። እንሽላሊት ጻፍህልኝ።

ከዚህ ወዲያ ዳኜ ይስማ፣ አገር ይስማ። ያደግህበትን ቤት ወግ በግልጥ እነግርሃለሁ። ቢጫው የአራስ ነው። በእኛ ቤት ወንድ “ሚስቴ ወለደች” ብሎ በአፉ አይናገርም። ወደ ቤቱ ትልቅ ሴት መጥቶ “ቢጫውን ስጪኝ” ይላል፤ ያን ጊዜ እልል እንላለን። ይህን ወግ ወንድ የሚሰማው ሚስቱ በወለደች ቀን ብቻ ነው። አንተ ከከበደች ጋር አምስት ዓመት ስትኖር አልጠየቅኸኝም። መንጌ ሄደህ፣ በመበለት ቤት ተቀምጠህ ጠየቅኸኝ። እኔስ ምን ልበል?

ዳኜ ብዕሩን አንሥቶ “እሜቴ፣ ምናልባት ሳያውቅ ጠይቆ እንደሆነስ?” ይለኛል። ሳያውቅ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል? ሳያውቅ ትልቁን ቅል ይላል? “ሁለታችን ጨረስነው” ይላል? በጣቷ የምታስልሰው ሴት ማን ናት? እኔ አሮጊት ነኝ፣ ሞኝ አይደለሁም።

ያን “ሁለታችን” የሚለውን ዳኜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ከበደች እንስራ አዝላ ከደጅ ደርሳ ኖሯል። እንስራውን ቀስ ብላ አወረደች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ “ሕፃኑ ጤነኛ ነው?” አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው። በአንተ ፈንታ እኔ አፈርሁ።

ወንድሞቿ ነገሩን ሰምተው በቅሎ ይዘው መጡ፤ እኅታችንን ስጡን አሉ። ልክ ናቸው። ለአንድ በጋ ብለህ ወጥተህ ሦስተኛ ዓመትህ ነው። ጥቅምት ድረስ ታገሡኝ ብላ መለሰቻቸው። በጥቅምት ደግመው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ እኔ የማስቀርበት አፍ የለኝም።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ልጅ አለ ወይስ የለም? ንብ እንዳትጽፍልኝ!

አረጋሽ

*

መንጌ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ዝናቡ ላላቆመበት አገር ሰው፣ ለእትዬ አረጋሽ፣ ፀሐይ ይላክልዎ።

ከጥር ወዲህ አንዲት ቃል አልደረሰኝም። አባይ ሞልቶ ጁምዓ በእናንተ በኩል ቀርቷል ይላሉ፤ ይህንንም ጽፌ ውሃው እስኪጎድል ከጨው ከረጢቴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ትልቁን ቅል በመጠየቄ ተቀይመውኝ ይሆን? ስግብግብነት ከመሰለብኝ ይቅር ይበሉኝ።

በዚህ ክረምት ጥፋት አጥፍቻለሁ። ለሌላ ሰው መናገር አፍሬ ለእርስዎ ልናገር ነው። ያን ማበጠሪያዬን ከአንድ ቀፎ ወደ አምስት አበዛሁት። መጀመሪያ ዱቄቱ በየቀኑ ይዘንብልኝ ነበር። በሰኔ ቀነሰ። በሐምሌ ንቦቹ ደጃፉ ላይ ፈዝዘው ይቆሙ ጀመር፤ ቢያጨሱባቸውም አይቆጡም። ዝናቡ ነው አልሁ። ዐፊፋ ግን ምርኩዟን ይዛ መጣች። እርሷ ጥርስ የላትም፤ የልጅ ልጆቿ እኔን በቁመት ይበልጡኛል፤ ስትቆጣ ግን የምገባበት ይጠፋኛል። አንዱን ቀፎ ክፈት አለችኝ። ከፈትሁ።

ማሩ አለ። እጮቹ የሚያድጉበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ የቀሩትም ደርቀው ከቀዳዳው ጋር ተጣብቀዋል። ዐፊፋ በስንጥር አንዱን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። “ብላ” አለችኝ፣ “የእናቱን ስንቅ በልተህ የለ?”

እርስዎ በጥር ጽፈውልኝ ነበር፤ ለልጆቿ ማሳደጊያ ነው ብለው። አነበብሁት እንጂ አልሰማሁትም። አምስቱንም ማበጠሪያ በዚያው ሰዓት አንድደናቸዋል። ሁለቱ ቀፎ ጥሎ ሄዷል፤ ሦስቱ የሚተርፍ ይመስላል። እንግዲህ ምን ያህል ቢወስዱባት ነው ንብ የማትጎዳው? የአንድ ቀፎ ሲሶ? ሩብ? በየሦስት ቀኑ ቢሆንስ? ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እግሩ ስር ወድቄ እጠይቀው ነበር።

ቀዩን አበባ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ለባለቤቴ ለከበደች ሰላምታ።

ቀናው

*

ወምበራ፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፰፻፺፬ ዓ.ም.

ለቀናው።

የግንቦቱ ደብዳቤዬ ከጁምዓ ጋር አባይ ዳር ደርሶ፣ ውሃው ቀድሞት፣ ከእኔው ቤት ከርሟል። ጁምዓም አብሮ ከርሟል፤ ጎተራዬን ብታየው ይገባሃል። ሁለቱን ደብዳቤ አብረህ ታነባለህ፤ ፊተኛውን አስቀድም።

የሚመጣው ጁምዓ ብቻ አይደለም። ወንድሞቿ ከትናንት ወዲያ በቅሎ ጭነው መጡ። ከበደች ጓዟን አሥራ ወጣች። እፎይ አሉ። “ወደ እናንተ አይደለም የምሄደው” አለቻቸው፤ “ለአራስ ጥየቃ ነው። የዚያች ሴት ባሏ የእኔ ባል ከሆነ ወገኗ እኛ ነን፤ ማንም ሳይጠይቃት መክረም የለባትም። ሕፃኑም ቢሆን የዚህ ቤት ልጅ ነው፤ ቢጫው ይድረሰው።” ታላቅየው ሊመታት እጁን አነሣ፤ እኔ መሐል ገባሁ። ይኸው ክንዴ አብጧል።

ቢጫውን ዘንድሮ የቆረጠችው እርሷ ናት። እኔ ጉልበቴ ከዛፍ አያደርሰኝም፤ አንተ ጥለሃቸው የሄድኸውን ቀፎዎች እስከ ዛሬ ያያቸው ሌላ ማን መሰለህ? ዳኜ ይህን ሲጽፍ እያለቀሰ ነው፤ ቀለሙ ቢፈስ በዚያ ነው።

ልጄ፣ ያደረግኸውን አድርገሃል። ብቻ ደጅህ ስትደርስ ቆመህ ተቀበላት።

አረጋሽ

*

መንጌ፣ ኅዳር ፳፭ ቀን ፲፰፻፺፬ ዓ.ም.

ክንድዎን እግዚአብሔር ይዳብስልዎ፣ እትዬ። በእኔ ነው ያበጠው።

አስቀድሜ አንዱን ቃል ልጻፍ፦ ልጅ የለም። ሴትም የለችም። ወጉን አላውቅም ነበር። የዳኜን እጅ ይሳሙልኝ፤ ካላችሁት ሰው ሁሉ እርሱ ብቻ ነው ያወቀኝ። አሁን የሆነውን ልንገርዎ።

ዋርካው ስር ተቀምጬ ዱቄት በቀለም በቀለሙ እለያለሁ። የጁምዓን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ከኋላው ከበደች ቆማለች። ከስታለች፤ ነጠላዋ በመንገድ አቧራ ቀልቷል። ዘልዬ ተነሣሁ። እርሷ ግን እኔን አልፋኝ ሄዳ፣ ደጃፍ ላይ ለተቀመጠችው ለዐፊፋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ቀጥላ ወደ ቤቱ ውስጥ አየች።

“ሕፃኑ የታለ?” አለችኝ።

“የቱ ሕፃን?”

“ተኝቶ እንደሆነ አልቀሰቅሰውም። ልየው ብቻ።”

 ጁምዓ በእነርሱ ቋንቋ ለዐፊፋ ነገራት። ዐፊፋ ምርኩዟን ጥላ እየሳቀች ባላት ጥቂት አማርኛ ጮኸች፦ “እኔ ልጅ ወለደ? ወላሂ! ጥርስ የለም፣ ልጅ ከየት ይመጣል? እዚህ ንብ ብቻ ነው ያለው!” ጁምዓም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ፣ በሕይወቴ ካጠፋሁት ሁሉ ያ ሳቅ ይብሳል።

ከበደች አልሳቀችም። ሸክሟን ፈታች። ትልቁ ቅል፣ የቅቤ ቅምጫና፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ከለሰለሰ ጥጥ የተሰፋች፣ እጅ የምታህል እጀ ጠባብ። እጀ ጠባቧን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለችና ታለቅስ ጀመር። ዐፊፋ ሳቋን ውጣ ወደ ውስጥ ገባች።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ባሏ አልከዳት፣ ምን ያስለቅሳታል? እንዲህ አለችኝ፦

“አሥራ አንድ ቀን ተጓዝሁ። ሦስቱን ቀን ስረግምህ መጣሁ። ታንኳው ላይ ስወጣ ውሃውን አይቼ ለሕፃኑ ፈራሁ። ይህን ሁሉ ውሃ እንዴት አድርጌ አሻግረዋለሁ፣ እትዬ ዘንድ እንዴት አደርሰዋለሁ አልሁ። ከዚያ ወዲህ መርገሜን ረሳሁት። ስም አወጣሁለት። ማታ ማታ ጁምዓ ሲተኛ በስሙ እየጠራሁ አወራዋለሁ። አሁን የለም ትሉኛላችሁ፤ ትስቃላችሁ።”

“ማን አልሽው?” አልኋት።

“አልነግርህም” አለችኝ።

ወድቄ በማርያም ማልሁላት፤ ሌላ ሴት በጣቴ ነክቼ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ አልሁ። “አምኜሃለሁ” አለች። “ሸክሜን ስፈታ ዓይንህ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቅሉ ነው። ሴት ያለው ሰው እንዲህ አያይም።” እውነቷን ነው፤ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ቀጥላ ያለችውን አንዲት ቃል ሳልጨምር እጽፍልዎታለሁ።

“ደብዳቤህ በተነበበ ቁጥር ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። ስለ ንብ የጠየቅኸውን በጣቴ ቆጠርሁ፤ አሥሩ አልቆ እንደገና ጀመርሁ። ከየት ትመጣለች፣ ምን ይዛ ትገባለች፣ ማን አስተማራት፣ ነገስ ወደዚያው ትመለሳለች ወይ። የእትዬን ጉልበት ጠየቅህ። ስለ እኔ አንድም። አለች ወይ እንኳ አላልህም። ሰላምታ ትልክልኛለህ፤ ሰላምታ ለበሩም ይሰጣል። ልጅ ቢሆን ይቅር ልልህ ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ለልጅ ይቅር ይባላል። ለንብ ግን ምን ብዬ ይቅር ልበል?”

  እትዬ፣ አልሰረቅሁ፣ አልጠጣሁ፣ አልወሰለትሁ፤ ዝም ብዬ ረሳኋት። ያም ሥራ አጥቼ አይደለም። አንዲት ንብ ከየት እንደመጣች ለማወቅ እስከ አሶሳ መንገድ በእግሬ ሄጃለሁ።

ጁምዓ በአራተኛው ቀን ወደ እናንተ ሊመለስ ነበር፤ እርሷም ከእርሱ ጋር እሄዳለሁ አለች፤ ጓዟን ከዐፊፋ ጎጆ ጥግ እንደታሰረ አኖረችው። በነጋው፣ ልጠይቃት አልሁና “ቀፎ ማጨስ ማን አስተማረሽ?” አልኋት። “እርሱም ስለ ንብ ነው” ብላ ፊቷን አዞረች። ዐፊፋ በምርኩዟ ጎኔን ወጋችኝ።

ቀኑን ሙሉ አሰብሁ። ጥያቄ መጠየቅ የማላውቅ ሰው ሆንሁ! ወደ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠን “ሦስቱን ዓመት ፋሲካ ስትፈቺ ከማን ጋር ነበርሽ?” አልኋት።  “አንዱን ከእትዬ ጋር። አንዱን ወንድሞቼ ዘንድ። አምና ማንም አልጠራኝም፣ ብቻዬን” አለች። “ምን በላሽ?” አልሁ። “እንቁላል ጠበስሁ፤ አልበላሁትም።” “ለምን?” ከዚህ በኋላ እርሷ ትናገራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ያላወቅሁት ብዛቱ! ሚያዝያ ላይ ታማ እንደነበር አላውቅም። እርስዎም አልጻፉልኝ፤ እንዳይጽፉ ለምና ከልክላ ኖሯል። አባቷ ማረፉን አላውቅም። ጨለማ ስትፈራ ድምፅ እንዲሆናት ወፍጮውን እንደምትቧጭር አላውቅም። አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም፣ እትዬ!

በሁለተኛው ቀን ገና ሳልጠይቃት “ዛሬስ ምን ልትለኝ ነው?” አለችኝ። በሦስተኛው ቀን እኔን ጠየቀችኝ፤ ንዳድ ላይ ሳለሁ ማንን እንደ ጠራሁ። እውነቱን ነገርኋት፤ አላስታውስም አልኋት። ዐፊፋ ታውቅ እንደሆነ ሄዳ በምልክት ጠየቀቻት። ምን እንደ ተባባሉ አልነገሩኝም፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብላ ነው የተቀመጠችው።

ዛሬ ጁምዓ አህያውን ጭኖ ከደጅ ቆመ፤ “የሴትዮዋን ጓዝ ላምጣ?” አለኝ።  ቀና ብዬ አየኋት። “አንተ ሂድ” አለችው። “የእኛ ሰው ሰሙን ገዝቶ የሚጨርሰው እስከ ጥር ነው። ያን ጊዜ ራሱ ያሻግረኛል።” እንግዲህ በጥር፣ ውሃው ሲጎድል፣ ሁለታችንም ደጅዎ ነን። ሰሙን ባልጨርስም እመጣለሁ።

ይህን ወረቀት ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ለእትዬ ምን ልጨምር ብዬ ጠየቅኋት። ከዚያ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብላ ለሕፃኑ ያወጣችለትን ስም ነገረችኝ።

ለእርስዎ እንዳልጽፍልዎ አስምላኛለች።

ቀናውና ከበደች